ያልተጠመቀ ውሃ

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 18

ቦሎቄ ስለቅም ዋልኩ። ሆዴ ወደ ጠረጴዛው አላስጠጋ ስላለኝ ትሪውን እሱው ላይ አስቀምጬ ለቀምኩ። ልጁ ሲራገጥ ትሪው ተነቃነቀ። አማቴ አባባ ናኡም አይተው ሳቁ። "ከአሁኑ ሥራ ጀመረ" አሉ። እሳቸው የሚቀልዱት በዓመት አንዴ ነው፣ ደስ አለኝ።

ሐኪሙ የነገረኝ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። "የመጀመሪያው ልጅሽ በወጣበት አኳኋን ሁለተኛውን ደሴት ላይ አትወልጂም" ብሎኛል። "ቀደም ብለሽ ተሻገሪና እዚሁ ከተማ ሰንብቺ። እምቢ ካልሽ እኔን አትውቀሺኝ።"

የመጀመሪያው... ስም እንኳ አላወጣንለትም። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አሮጊቷ አዋላጅ "ማርያም ማርያም" እያሉ ሁለት ቀን ታገሉ። አሁን እሳቸውም የሉም፣ ባለፈው ፋሲካ ሞቱ። ደሴቱ ላይ የሚያዋልድ ሰው የለም ማለት ነው።

ባሌ ስቴርዮስ ቅዳሜ አሻግርሻለሁ ብሏል። ከተማ አክስቴ ቤት አርፋለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 22

አልሄድንም። ዓሣው ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ለወጥመድ ወደተሠራው የሸምበቆ አጥር ገባ። ዓመት ሙሉ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ውሃ ላይ ዋለ። ስቴርዮስ እጁ ቀልቶ፣ አብጦ መጣ። "ሰኞ" አለኝ፣ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው። ምን ልበለው?

ሰኞ፣ ዲሴምበር 24

ጀልባዎቹ ዓሣ ጭነው ገበያ ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

"ቅርጫት ላይ ልትቀመጪ ነው?" አለ ስቴርዮስ። "ከገና በኋላ ባዶ ጀልባ ላይ ተንደላቅቀሽ ትሄጃለሽ።"

ከገና በኋላ? ከገና እስከ ጥምቀት፣ አሥራ ሁለቱን ቀን፣ ከዚህ ደሴት ማን ይሻገራል? እኔ የሜዳ ልጅ ነኝ፣ ባገሬ ሐይቅ የለም። ግን ሦስት ክረምት አይቻለሁ። ጀልባዎቹን ገልብጠው ያስቀምጧቸዋል፣ ማዶ ያሉት ካህኑ አባ ላዛሮስ ጥምቀት ዕለት መስቀሉን ውሃው ውስጥ እስኪጥሉና ደወሉ እስኪሰማ ማንም አይነካቸውም።

"ላንቺ ሲሆን እናቴ ትለሰልሳለች፣ ለኔ ተይው" አለ። አመንኩት። ወይስ ደክሞኝ ነው?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 25

ክርስቶስ ተወለደ። በላን፣ ዘመርን። የኔው ሲራገጥ ዋለ። ይራገጥ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 26

አማቴ እማማ ታሲያ አልለሰለሱም።

ስቴርዮስ ፈራ ተባ እያለ ነገሩን አነሳ። እማማ ምድጃው ውስጥ አሮጌ ጫማ እያቃጠሉ ነበር። በነዚህ አሥራ ሁለት ቀናት ጋኔኖቹ ከመሬት ሥር ወጥተው በጭስ ማውጫ ይገባሉ፣ የጫማ ሽታ ግን አይችሉም ይባላል። እኔም አልቻልኩም፣ ሁለቴ አስመለሰኝ። "ምነው፣ አንቺም ከነሱ ነሽ እንዴ?" አለኝ ስቴርዮስ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው።

"ውሃው አልተጠመቀም" አሉ እማማ። "አባ ላዛሮስ ይባርኩት፣ ያን ጊዜ ትሄዳለች።"

"እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ..."

"ሐኪሙ ሐይቁን ያውቀዋል? ያልተጠመቀ ልጅ በሆዷ ይዛ፣ ባልተጠመቀ ውሃ ላይ? አፈር ስሆን፣ አታምጡብኝ።"

አባባ ናኡም ወጥተው ሄዱ። በኋላ ስቴርዮስ ነገረኝ። እማማ ልጅ ሳሉ ወንድማቸው በአዲስ ዓመት ዕለት እጮኛውን ሊጠይቅ ተሻገረ። እሳቸው ዳር ቆመው እጃቸውን እያውለበለቡለት ጀልባው ተገለበጠ። ምን እንደገለበጠው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ በነዚህ ቀናት ከዚህ ቤት አንድም ሰው ውሃ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ሞኝነት ነው እንዳልል... ሲናገሩ ዓይናቸውን አይቻለሁ።

አርብ፣ ዲሴምበር 28

ተጣላን።

"እማማ፣ እኔን የሚገድለኝ መሻገሩ አይደለም፣ መቅረቱ ነው" አልኳቸው።

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" አሉ። "እኔ አምስት ወልጃለሁ፣ እዚሁ አልጋ ላይ።"

"አምስት ወልደው ሁለት ነው ያሳደጉት።"

ከአፌ ወጣ። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። ምሳም አልቀመሱም።

ስቴርዮስን ለብቻው ያዝኩት። "እናቴን ጥሼ ይዤሽ ብሄድና አንድ ነገር ብትሆኚስ? በምን ዓይኔ አያታለሁ?" አለኝ። ሳንሄድ አንድ ነገር ብሆንስ አልኩት። መረቡን አንስቶ ያልተቀደደውን ይሰፋ ጀመር። እሱም ይፈራል። ይህን ሳውቅ የባሰ ፈራሁ።

የጎረቤቱን ጀልባ ብለምንስ ብዬ ካሊዮፒ ቤት ሄድኩ። ጨርሼ ሳልነግራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "የታሲያን ምራት በነዚህ ቀናት ማን ይጭናል? ባሌን ልትገዪልኝ ነው? በይ ግቢና ሾርባ ጠጪ።" ሾርባውን ጠጣሁ። ጥሩ ነበር።

እሑድ፣ ዲሴምበር 30

ዳርቻው በረዶ ያዘ። አባባ ናኡም በተረከዛቸው ረገጡት፣ ተሰበረ። ውፍረቱ ጥፍር ያህል ነው። ጎንበስ ብለው አንዱን ስባሪ አንስተው በፀሐይ አዩት።

"ብርዱ በዚህ ከቀጠለ ጥምቀት ሳይደርስ ይዘጋል" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ለእማማ ይንገሯቸው እንጂ!"

"ነገርኳት። የሚዘጋውም የሚከፍተውም እግዜር ነው አለችኝ።"

መሀሉ ገና ክፍት ነው። ጥቁር ነው፣ ይተናል። ዛሬ ብንነሳ እንደርስ ነበር። ይህን አባባም ያውቃሉ፣ ስቴርዮስም ያውቃል። ሁላችንም እያወቅን ተቀምጠናል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 1

ስነቃ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። ድምፅ ነው። እዚህ ቤት ውሃው ዳርቻውን ሲመታ የማይሰማበት ቀን የለም። ዛሬ ጸጥ... በመስኮት አየሁ። እስከ ማዶ ነጭ ነው።

የአዲስ ዓመቱን ዳቦ ቆረስን። እማማ አንዱን ለክርስቶስ፣ አንዱን ለቤቱ፣ አንዱን ለሚመጣው አሉ። ለሚመጣው የተቆረሰውን ማንም አልነካውም። እሱን እያየሁ መዋጥ አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 2

የልጁ እንቅስቃሴ ቀነሰ። ጠዋት አንዴ። ከምሳ በኋላ... እርግጠኛ አይደለሁም። በጎኔ ተኛሁ፣ በሌላው ጎኔ ተኛሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ። ተነስ፣ እርገጠኝ እንጂ።

ያኛውም መጀመሪያ እንዲህ ነበር ጸጥ ያለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ማርያም፣ አትርሺኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገረው እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 3

በረዶው ለጀልባ ወፍሯል፣ ለእግር ሳስቷል። ስቴርዮስ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ በእግሩ ሞከረው። ቤተክርስቲያኑ ካለበት ጫፍ እንኳ ሳያልፍ እስከ ጭኑ ገባ። አባባ ናኡም ጎትተው አወጡት። ሱሪው ላዩ ላይ ደርቆ ቀረ፣ እንደ ጣውላ ይንቋቋል።

ማዶ የአባ ላዛሮስ ቤት ጭስ ይታየኛል። መንገዱ ይታየኛል። ሰው ሲያልፍ እንኳ አያለሁ። ብጮህ ይሰማ ይሆን? ሲያስቡት እንዴት ቅርብ ነው። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ክፍት ነበር። አርብ ክፍት ነበር። እሑድ እንኳ ክፍት ነበር! ጥምቀትን ስንጠብቅ ውሃው ተዘጋብን። ማንን ልጥላ?

ከሰዓት እማማ መጡ። ሁለት እጃቸውን ሆዴ ላይ አደረጉ። ቆዩ። በቀኝ፣ በግራ፣ ታች። ጆሯቸውን አስጠጉ። ቀና ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከትናንት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ሊያደርጉልኝ?"

ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ቦቲያቸውን አጠለቁ፣ የቤተክርስቲያኑን ቁልፍ ከሚስማሩ አንስተው ወጡ። ቤተክርስቲያኑን የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው፣ እና ሊጸልዩ ነው ብዬ ነበር። ተመልሰው ሲመጡ ከሻላቸው ሥር መስቀሉን አወጡ። የደሴቱን መስቀል፣ የብሩን። በገመድ አስረውታል።

"ናኡም፣ መዶሻውን አውጣ። ሲነጋ እንሄዳለን።"

አባባ ናኡም መስቀሉን አዩ፣ እሳቸውን አዩ። "ታሲያ... ይህ እኮ የካህን ሥራ ነው።"

"ካህኑ ማዶ ነው። ከቻለ ይምጣና ይሥራ።"

አርብ፣ ጃንዋሪ 4

ሊነጋ ነው። ጀልባዋን ሲጎትቱ ይሰማኛል። መሄዱንም እፈራለሁ፣ መቅረቱንም እፈራለሁ። ልጁ አንድ ጊዜ ተላወሰ። ወይም ተላወሰ ብዬ ነው። ደብተሩን ብብቴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ስቴርዮስ እየጠራኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

አለሁ። ሴት ናት። አጠገቤ ተኝታለች።

ሆስፒታል ነኝ። እስከ ዛሬ እጄ እስክሪብቶ አይዝም ነበር። ከመርሳቴ በፊት ልጻፈው። መርሳት የሚባል ነገር ካለ።

አባባ ናኡም ከፊት ቆመው በረዶውን በትልቁ የእንጨት መዶሻ ይሰብራሉ። ስቴርዮስ ከኋላ በዘንግ ይገፋል። እኔ መሀል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ። እማማ ከፊት ተንበርክከው በተሰበረው ቦታ ሁሉ መስቀሉን ይነክራሉ፣ ያወጣሉ፣ ይነክራሉ። ካህኑ የሚሉትን አያውቁትም። የሚያውቁት የጥምቀቱን መዝሙር መጀመሪያ ብቻ ነው፣ እሱኑ ይደጋግማሉ። የደሴቱ ሰው ዳር ተሰልፎ ያየናል። ካሊዮፒ ፊቷን በሻሏ ሸፈነች።

መሀል ስንደርስ በረዶው ጮኸ። ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ከኋላችን የከፈትነው መንገድ ተመልሶ ገጠመ፣ የፊቱ ደግሞ እምቢ አለ። ጀልባዋ ወደ ጎን አዘመመች፣ ጣውላው ሲሰነጠቅ ሰማሁ። እግሬ ሥር ውሃ ገባ። ያኔ ነው ምጡ የመጣው፣ የእውነቱ።

"እንመለስ!" ብዬ ጮህኩ። ወደ የት?

እማማ መስቀሉን ሊያወጡ ሲስቡ ገመዱ ብቻውን መጣ። በረዶው ቆርጦታል። ሁላችንም ገመዱን አየን። ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ የነበረ መስቀል ነው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ዳበሱ... ምንም። አባባ ናኡም መዶሻቸውን አውርደው ቆሙ። ከንፈራቸው ነጭ ሆነ። ያን የመሰለ ሰው እንዲያ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። በቃ አለቅን አልኩ።

"ምን ይገትርሃል?" አሉ እማማ ባላቸውን። "ምታው።"

እሳቸው ደግሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው የበረዶውን ስባሪ በባዶ እጃቸው ከጀልባዋ ያርቁ ጀመር። መዝሙሩን ትተውታል። ሲያቃስቱ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ምጡ ሲጠናብኝ ጮህኩባቸው። "አንቺ ነሽ የገደልሽኝ! ውሃው ክፍት ሳለ!" አልኳቸው። አንቺ ብዬ።

ዞር አላሉም። "አዎ" አሉ። "አሁን ግን እንዳትገፊ፣ ገና ነው።"

የማዶ ሰዎች በመሰላልና በገመድ ተቀበሉን። አባ ላዛሮስም ነበሩ፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው በረዶ ሲሰብሩ ነው ያገኘናቸው። ከዚያ በጭነት መኪና ከተማ። ከመንገዱ የማስታውሰው የስቴርዮስን እጅ መንከሴን ነው። ምልክቱ እስካሁን አለ።

እትብቱ የሷም አንገት ላይ ነበር፣ እንደ ያኛው። ሰማያዊ ሆና ወጣች። ዝም አለች። ሐኪሙ ገለበጣት፣ መታት፣ ዝም... ከዚያ አለቀሰች። "እስከ ጥምቀት፣ እስከ እሑድ ብትጠብቂ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው እጁን ሊታጠብ ሄደ።

የክፍሉ ሴቶች "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሉኛል። እማማ ከኔ ሁለት አልጋ አልፈው ተኝተዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ጠቁሯል። ነገ ይቆረጣሉ። ነርሶቹ ልጅቷን ወሰዱላቸው። በግራ እጃቸው እግሯን ብቻ ነኩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 12

በረዶው ለቀቀ። ቤታችን ገባን። ስሻገር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስቴርዮስ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎት ሻርፑን አለበሰኝ።

ወንዶቹ መስቀሉን በመረብ ፈለጉት። አልተገኘም። ካሊዮፒ "ያባቶቻችንን መስቀል ለዓሣ ሰጡት" ብላ ታወራለች፣ ከዚያ መጥታ ልጅቷን ትስማለች። አባ ላዛሮስ እማማን ጠርተው እስከ ፋሲካ አይቆርቡም አሏቸው።

"ልክ ነው አባ፣ ቅጣቴን እቀበላለሁ" አሉ እማማ። "ግን ቢደገም እደግመዋለሁና የዚያንም ቅጣት አብረው ይስጡኝ፣ ሁለቴ እንዳልመላለስ።"

አባ ላዛሮስ ጢማቸውን ያዙ አሉ። ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም ይላል ስቴርዮስ።

ጀልባ ላይ ስላልኳቸው ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ገና "እማማ፣ ያን ቀን..." ስል "ልጅቷ ረጥባለች፣ ጨርቋን ቀይሪላት" አሉኝ። አልረጠበችም ነበር። ተይው ማለታቸው ነው።

አርብ፣ ዲሴምበር 27

ልጅቷ ካሳላት ሰነበተ። ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች፣ ወንበር ይዛ ትቆማለች። ግን ሌሊት ትታፈናለች። ሐኪሙ ይያት አለ ስቴርዮስ። ዘንድሮ በረዶ የለም። ነፋስ የለም። ውሃው እስከ ማዶ ክፍት ነው።

"ከጥምቀት በኋላ" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም ራሴን ሰማሁት።

"ምን አልሽ?" አለ ስቴርዮስ።

"ዘጠኝ፣ አሥር ቀን ነው። ሳል ነው እኮ። ማር እሰጣታለሁ።"

እማማ ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። "አንቺ የሜዳ ልጅ፣ ምን ነካሽ? መስቀሉ እዚያው እታች አለ። ዓመቱን ሙሉ የተጠመቀ ውሃ ከኛ በቀር ማን አለው?" አሉ። ልጅቷን በሻላቸው ጠቀለሏት። ሁለት ጣቶቻቸው አጭር ስለሆኑ ቋጠሮው አስቸገራቸው፣ እኔ ቋጠርኩላቸው። ወርደው ጀልባዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እሳቸው! በነዚህ ቀናት!

"ነይ እንጂ" አሉኝ።

አንድ እግሬን አስገባሁ። ጀልባዋ ትንሽ ወዝወዝ አለች፣ እንደ ማንኛውም ጀልባ። ያ የበረዶው ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ገመዱ ባዶውን ሲወጣ ታየኝ። እግሬን መልሼ አወጣሁ።

"ሂዱ፣ ምግቡን እኔ እሠራለሁ" አልኩ።

እማማ አልሳቁም። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ልጅቷን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟትና ለስቴርዮስ "ቅዘፍ" አሉት።

ዳር ቆሜ እስኪደርሱ አየሁ። ደረሱ። ሲወርዱም አየሁ፣ ጥቅሏም ታየችኝ። ይህን አይቼ መረጋጋት ነበረብኝ አይደል? ገና መመለሱ አለ። ዛሬ መመለሱ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር። ልጅቷ አድጋ በራሷ እስክትቀዝፍ።

ሾርባው ተጥዷል። አንድ መስመር ጽፌ ተነስቼ በመስኮት አያለሁ፣ ሌላ መስመር ጽፌ እንደገና። እማማ ፍርሃታቸውን እዚያ መሀል ላይ ጥለውት መጡ፣ እኔ አነሳሁት መሰለኝ። ለማን እነግረዋለሁ? ከሳቸው በቀር የሚገባው ሰው የለም፣ እሳቸው ደግሞ ማዶ ናቸው።

ፀሐይ ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል። ገና አልተመለሱም።